ለዚህም ይሆናል

ሐኪም የሌለበት ሰፈር አይቻለሁ። ውኃ የማይደርስበት፣ መብራት የሚረሳው ሰፈርም አይቻለሁ። "ቆይ፣ እኔ የምሰጥሽን ውሰጂ" የሚል ጎረቤት የሌለበት ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ካለም ሰው አይኖርበትም። ይህ ጎረቤት ሳይማር ተመርቋል፣ ሳይሾም ተሾሟል፣ ሳይጠሩት ይመጣል። ከዳናችሁ ያዳናችሁ እሱ ነው። ከባሰባችሁ ደግሞ ምክሩን በትክክል አልተከተላችሁም።

ለእኛ ፎቅ በዕጣ የደረሱን ክብርት ፕሮፌሰር ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው ምድር ቤት ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ነው። ለቀልድ ነበር የሰጣቸው፤ እሳቸው ቀልዱን መለሱለትና ማዕረጉን አስቀሩ። ዛሬ በስማቸው ብትጠሯቸው ሌላ ሰው የጠራችሁ መስሏቸው ዞር ብለው ደረጃውን ያያሉ።

ፕሮፌሰር ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ሠርተዋል። ይህ እውነት ነው። የሠሩት ስልክ ማዞሪያ ክፍል ነው። ይህም እውነት ነው፤ ሁለተኛውን እውነት ግን ካልጠየቋቸው አያወጡትም። "እኔ ሆስፒታል ሳለሁ" ብለው ሲጀምሩ፣ የማያውቃቸው ሰው የሰው ሆድ ሲከፍቱ የኖሩ ይመስለዋል። የከፈቱት መስመር ነው። ሐኪሙን ከሐኪሙ፣ ላቦራቶሪውን ከመድኃኒት ቤቱ ሲያገናኙ ኖረው፣ በመሃል ጆሯቸው የቀለበውን ይዘው ወጡ። ሌላው ሕክምናን በዓይኑ አንብቦ ይማራል፤ እሳቸው በጆሯቸው ተማሩ።

እኔ የሆቴል አንሶላ እተኩሳለሁ። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት መሃል ቆሜ እውላለሁ፤ ወደ ቤት ስገባ ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ወንበር ይፈልጋል። ከሰው ጋር የምከራከርበት አቅም ሥራ ቦታ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ፕሮፌሰር የሚሰጡኝን ሁሉ እሺ ብዬ እቀበላለሁ። "እሺ" ከ"እምቢ" ያነሰ ጉልበት ይጠይቃል። ይሄን ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም፤ እዚያም ብዙ አልቆየሁም።

የፕሮፌሰር መድኃኒት ቤት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ክዳኑ ላይ በረዶ የለበሰ ቤትና ሁለት አጋዘኖች ተስለውበታል። ውስጡ ከፎቁ ሰው ሁሉ የተረፈ መድኃኒት አለ፦ ግማሹ የቀረ ሽሮፕ፣ አንገቱ የተጠመዘዘ የቅባት ቱቦ፣ ሁለት ፍሬ ብቻ የቀራቸው የክኒን ካርዶች፣ ከየትኛው ጠርሙስ እንደወጡ ፈጣሪ ብቻ የሚያውቃቸው እንክብሎች። ፎቁ ውስጥ ሰው ታሞ ሲድን ፕሮፌሰር ሁለት ጊዜ ደስ ይላቸዋል፤ አንድም ሰው ስለዳነ፣ አንድም መድኃኒት ስለተረፈ።

"ይሄ እኮ ቀኑ አልፎበታል" ካላችኋቸው ይቆጣሉ።

"የእኔስ ቀን አላለፈም? ታዲያ ቁጭ ብያለሁ?"

ፍልስፍናቸው አጭር ነው። መድኃኒት እንደ ሰው ነው፤ አንድ ሙያ ብቻ ይዞ አይቀርም ይላሉ። "አንቺን እንይሽ። አንሶላ ትተኩሻለሽ። ልጅ ደግሞ አላሳደግሽም? የፈሰሰ ቧንቧ በጨርቅ አልጠመጠምሽም? ታዲያ ይቺ ክኒን ምን በድላ ነው ዕድሜ ልኳን ራስ ምታት ላይ ብቻ የምትውለው?" ከዚያ ክኒኗን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሷታል፤ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ትንሽ ዝም ይላሉ። ዝምታው የሚያበቃው ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነው።

"ለዚህም ይሆናል።"

ዘበኛችን ሳል ይዞት ነበር። ፕሮፌሰር ቆርቆሮውን አገላብጠው አንዲት ቢጫ ክኒን አወጡለት።

"ይቺ የማሳከክ ነበረች።"

"እኔን የሚያሳክከኝ ነገር የለም፣ እመቤቴ።"

"ሳል ታዲያ ምንድን ነው? የጉሮሮ ማሳከክ አይደል? ዋጣት፤ ለዚህም ይሆናል።"

ሳሉ በእርግጥ ቆመ። ዘበኛውም አብሮ ቆመ። በሩ ላይ እንደቆመ፣ ዱላውን እንደተደገፈ፣ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ወሰደው። ውኃ የሚያመጣልን ቦቴ መጣ፤ ጥሩምባውን ነፋ፣ ነፋ፣ ሰለቸውና ሄደ። ፎቁ በሙሉ በባልዲ ሲንከራተት ሰነበተ። ፕሮፌሰር ላይ ቅሬታ ለማቅረብ ደረጃ የወጣው ሁሉ የተሰጠው መልስ አንድ ነው፤ "ሳለ? አልሳለም! ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?"

ልብስ ሰፊው ደግሞ ለእህቱ ልጅ ሠርግ ሲዘጋጅ ዓይኑ ሥር አበጠበት። ፕሮፌሰር ጽሑፉ የተፋቀ ቱቦ ሰጡት። ቀባ። እብጠቱ ቀነሰ፣ ይሄን ልሸሽግ አልችልም። ሠርጉ ላይ አምሮበት ሲጨፍር ዋለ። በማግሥቱ ሚስቱ ቱቦውን መብራት ሥር ይዛ፣ ከተፋቀው የተረፈውን ፊደል በጣቷ እየለቀመች አነበበች። የኪንታሮት ቅባት ነው።

"የት የሚቀባውን የት ቀባሁ!" እያለ ሲጮህ እኔ ቤት ድረስ ተሰማ።

ፕሮፌሰር ደረጃው ላይ ብቅ ብለው፣ ምንም ሳይደናገጡ፣ "እብጠት እብጠት ነው። አድራሻው ምን ያደርግልሃል?" አሉት።

እኔ የሚሰጡኝን ውጬ አላውቅም። ተቀብዬ፣ አመስግኜ፣ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ፕሮፌሰር ሰንበትበት ብለው "የተረፈሽ የለም?" እያሉ ሲመጡ ያንኑ አውጥቼ እሰጣቸዋለሁ። "አየሽ፣ ሳትጨርሺው ዳንሽ!" ይላሉ። ከዚያ ያው ክኒን ለልብስ ሰፊው ሚስት ይሰጣል፤ እሷም እንደ እኔ መሳቢያ አላት። ጠርዟ የተሸረፈ አንዲት ነጭ ክኒን አውቃለሁ። ለእኔ ጉልበት ታዘዘች፣ ለልብስ ሰፊው ሚስት እንቅልፍ ማጣት ታዘዘች፣ ለዘበኛው ጥርስ ታዘዘች፣ ዞራ ዞራ እኔው ጋ ተመለሰች። ከእኔ የበለጠ የጎረቤት ቤት ታውቃለች። ማንንም አልጎዳችም፤ ማንም አልዋጣትም።

በማስረጃ ያሸነፉን አንድ ጊዜ ነው። ደረጃው ላይ አንገቷን ደፍታ የደረቀች አበባ ነበረች። ፕሮፌሰር የራስ ምታት ክኒን ፈጭተው፣ በአንድ ትልቅ ማሰሮ ውኃ በጥብጠው አጠጧት። አበባዋ ቀና አለች። ያዳናት ክኒኑ ይሁን ያ ሁሉ ውኃ፣ ለመጠየቅ የደፈረ የለም። ከዚያ በኋላ ደረጃ ስንወጣ ሁላችንም ከአበባዋ ፊት እንድንቆም እንገደድ ነበር።

"አያችሁ? እሷ እኮ ራስ ምታት አልነበራትም!"

የሚያናድደው ደግሞ ሥሩ ላይ ያለው ነገር እውነት መሆኑ ነው። ድሮ ለራስ ምታት ብቻ የምናውቃት ክኒን ዛሬ ለልብ ሕመምተኞች እንደምትታዘዝ ሬዲዮውም ይናገራል። ፕሮፌሰር ይህን የሰሙ ቀን ሬዲዮውን መስኮት ላይ አውጥተው ድምፁን እስከ ጥግ ከፈቱት። እውነት ትንሽ ስትሆን ነው ጎረቤት የምታስቸግረው።

ይህ ሁሉ ሳቅ ነበር፤ የልጅ ልጄ ዓይን ላይ ያ ነገር እስኪወጣ ድረስ።

ልጄ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ባሏ የሩቅ መንገድ ሹፌር ስለሆነ ከቤት ይልቅ ስልክ ውስጥ ነው የሚገኘው። ሕፃኗ ስትወለድ ፊቷ ገና እንደተተኮሰ አንሶላ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የግራ ዓይኗ ቆብ ላይ ቀይ ነጥብ ታየች። ትንኝ ነክሷት ነው አልን። ነጥቧ አደገች፤ ወደ ላይ አበጠች፤ እንጆሪ አከለች። ከዚያ የዓይኗን ቆብ ወደ ታች ትጫነው ጀመር። ልጅቷ በአንዱ ዓይኗ እኛን ታያለች፤ ሌላው ግማሹ እንደተዘጋ ሱቅ ነው።

ፕሮፌሰር ወሬው በደረሳቸው ቅጽበት ቆርቆሯቸውን አቅፈው መጡ። ልጄ በሩ ላይ ተገትራ ጠበቀቻቸው።

"እዚያው ይቁሙ!"

"ምን አልኩ?"

"ገና አላሉም። እንዳይሉ ነው።"

ልጄ ቂም ያላት ሰው ናት፤ ቂሟም ማስረጃ አለው። ተማሪ ሳለች፣ የክፍል ፎቶ በሚነሡበት ዋዜማ አፍንጫዋ ላይ ብጉር ወጣባት። ፕሮፌሰር ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት በጥጥ ነክረው ቀቡላት። ብጉሩ በሁለት ቀን ጠፋ። ቀለሙ ግን እስከ ትምህርት መዝጊያ ቆየ። ፎቶው ዛሬም አለ፤ የክፍሉ ልጆች በሙሉ ወደ ካሜራው ሳይሆን ወደ ልጄ አፍንጫ ያያሉ።

ሕፃኗን ይዘን ሆስፒታል ሄድን። የሕፃናት ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ቀዝቃዛ እጇን አሟሙቃ ነው ልጅቷን የነካቻት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደድኳት። ብዙ አየች፣ ለካች፣ ከዚያ ቁጭ ብላ ነገረችን።

"ይሄ የደም ሥሮች ጥርቅም ነው። ብዙ ሕፃናት ላይ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ በራሱ ይከስማል። የእሷ ችግሩ የወጣበት ቦታ ነው። በዚህ ዕድሜዋ ያላየችበትን ዓይን አንጎሏ ይተወዋል። በኋላ እብጠቱ ቢጠፋ እንኳ ዓይኑ በደንብ ላያይ ይችላል። ስለዚህ ቁጭ ብለን አንጠብቅም።"

"ቀዶ ጥገና ነው?" አለች ልጄ።

"አይደለም። የሚጠጣ መድኃኒት ነው።"

ልጄ ተነፈሰች። ዶክተሯ እዚህ ላይ ብታቆም መልካም ነበር። ሐቀኛ ሰው ግን የት ማቆም እንዳለበት አያውቅም።

"የምን መድኃኒት ነው?" ብላ ልጄ ጠየቀቻት።

"የቆየ መድኃኒት ነው። ስንት ዓመት ለደም ግፊትና ለልብ ሲሰጥ የኖረ። አንድ ጊዜ ሐኪሞች ለልቡ ብለው የሰጡት ሕፃን ፊቱ ላይ እንዲህ ያለ እብጠት ነበረበት፤ ልቡን ሲያክሙ እብጠቱ ሲከስም አዩ። አላሰቡትም ነበር። ከዚያ ብዙ ሕፃናት ላይ በጥንቃቄ ተጠና፤ ለዚህም ይሆናል።"

እኔና ልጄ ተያየን። ሳቅ መጣብኝ፤ የልጄን ፊት ሳይ ሳቄን ዋጥኩት። እሷ ፊት ላይ ሳቅ አልነበረም።

ዶክተሯ የመጀመሪያውን መጠን እዚያው እንደምትሰጥ፣ ልቧን እየሰማች እንደምትከታተላት ነግራን ለከነገ ወዲያ ቀጠረችን። ልጄ እሺም እምቢም ሳትል ሕፃኗን ጠቅልላ ወጣች። የሆስፒታሉ አጥር ጋ ስንደርስ ፈነዳች።

"እማዬ፣ ሰማሻት? ነጭ ካፖርት የለበሰች ፕሮፌሰር እኮ ናት! የሽማግሌ ግፊት መድኃኒት ለጡት ልጅ? ለዚህም ይሆናል አለችኝ! በቃል አንድ ናቸው!"

"ይቺኛዋ ተምራለች" አልኳት።

"እሳቸውም ሆስፒታል ሠርቻለሁ ነው የሚሉት። አላመጣትም። በራሱ ይከስማል ብላ የለ? ይክሰም።"

አንሶላ ላይ ያለ እድፍ ቢሆን በምን እንደሚለቅ እነግራት ነበር። የልጅ ዓይን ላይ ያለውን ግን ከየት አምጥቼ ላውቅ? ማታ ባሏ ስልክ ላይ "አንቺ እንዳልሽ" አላት። አንዲት እናት በእንዲህ ያለ ቀን ልትሰማው ከምትችለው መልስ ሁሉ የማይረባው እሱ ነው። ልጄ ሕፃኗን ታቅፋ ተቀመጠች፤ ያቺ ግማሽ ዓይን እኛን አታየንም፣ እኛ ግን እናያታለን። በዚህ መሃል ነው ፕሮፌሰር ያንኳኩት።

የግፊት መድኃኒት መሆኑን ከየት እንደሰሙ አልጠየቅኩም፤ በእኛ ደረጃ ወሬ ከሰው ቀድሞ ይወጣል። ቆርቆሮውን ይዘዋል፤ ፊታቸው በርቷል።

"የሟቹ ባለቤቴ የግፊት ክኒን አልተጣለም! በጥፍር ፋቅ አድርገን፣ በወተት . . ."

"ይውጡልኝ!" አለች ልጄ። ሕፃኗ ደንግጣ አለቀሰች። "የእርስዎ ጥፋት ነው! ከልጅነቴ ጀምሮ ለዚህም ይሆናል፣ ለዚያም ይሆናል ሲሉኝ አደግሁ። አፍንጫዬን አቀለሙኝ፤ ዘበኛውን አስተኙ፤ የሰው ዓይን ላይ የመቀመጫ ቅባት ቀቡ! ዛሬ እውነተኛ ሐኪም ያንኑ ስትለኝ በምን ልመናት? እርስዎ ቃሉን ጨርሰውታል! ለልጄ የሚሆን እምነት አላስተረፉልኝም!"

ፕሮፌሰር አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። እኔ በዚህ ፎቅ ስኖር ያ አፍ ባዶውን ሲከፈት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቆርቆሮውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ፤ ደረጃውን ግድግዳ ተደግፈው ወጡ።

በማግሥቱ ድምፃቸው አልተሰማም። ዘበኛው ደጋግሞ ሳለ፤ ማንም አልተጣራም። ልብስ ሰፊው ወደ ላይ አንጋጦ፣ "ፕሮፌሰር አመማቸው እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት፣ ልጄ ላለመሄድ ወስና የቤት ልብሷን እንደለበሰች፣ በሩ ተንኳኳ። ፕሮፌሰር ናቸው። የሥራ ዘመን ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ደረቱ ላይ የስም ታርጋ ይሰካበት የነበረው ቦታ ሁለት ቀዳዳ አለው። እጃቸው ባዶ ነው። ያለ ቆርቆሮ ሳያቸው ያለ ልብስ ያየኋቸውን ያህል ደነገጥኩ።

"አልገባም" አሉ። "እዚሁ ቆሜ ነው የምናገረው።"

ልጄ በሩን ይዛ ቆመች።

"ስልክ ማዞሪያ ላይ ሕግ ነበረን። መስመሩን ታገናኛለሽ፣ ሁለቱ መነጋገር ሲጀምሩ ጆሮሽን ታነሻለሽ። ማዳመጥ ክልክል ነው። እና እኔ የምሰማው ምንድን ነው? 'ዶክተር፣ ያ ያን ክኒን የሰጠነው በሽተኛ እኮ . . .' ይላል አንዱ። እኮ ምን? እዚያ ላይ መስመሩን እለቃለሁ። እኮ ዳነ? እኮ ሞተ? አላውቅም። መጨረሻውን ቤቴ ገብቼ እኔው ነኝ የምጨርሰው።" ኮታቸውን ጎተት አደረጉ። "እኔ ስጨርሰው ሁሉም ይድናል።"

ልጄ ሕፃኗን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዞረች።

"ትናንት ሆስፒታል ደወልኩ። ማዞሪያ ላይ ያለችው ልጅ እኔ ያሠለጠንኳት ናት፤ ሕፃናት ክፍል አገናኘችኝ። ያንቺን ስም አልጠራሁም፣ ያንቺንም ዶክተር አይደለም ያገኘሁት፤ ሌላ ሐኪም ነው። እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ነገረኝ። እኔም ሳላቋርጥ ሰማሁ። በዕድሜዬ የሐኪም ንግግር እስከ መጨረሻው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ተሞክሯል ልጄ። መጨረሻው ታይቷል። እነሱ እየለኩ፣ እየጠበቁ ነው ያዩት። እኔ የምለው ግን ግምት ነው። ያኔም ግምት ነበር። እኔ . . ." ቃሉ እንደ ትልቅ እንክብል ጉሮሯቸው ላይ ቆመ። "እኔ ምንም አላውቅም።"

ልጄ አፍንጫዋን በጣቷ ነካች።

"አፍንጫዬስ?"

"እሱም ግምት ነበር።"

"ሐምራዊውም?"

"ሌላ ቀለም አልነበረኝም።"

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። ልጄ ስትስቅ እንባዋም አብሮ መጣ፤ ሕፃኗን ለእኔ አቀብላኝ ልብሷን ለመቀየር ገባች። ከጓዳ ሆና፣ "ቁመው አይቅሩ፣ ይግቡ! አብረውን ይሄዳሉ!" ብላ ጮኸች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ፕሮፌሰርን ያየ ሰው ጻድቅ መስሎታል። አግዳሚ ወንበር ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። አጠገባቸው አንድ ሰውዬ ጀርባውን ይዞ ያቃስታል፤ "እናቴ፣ ይሄ ጀርባ ገደለኝ" አላቸው። የፕሮፌሰር ጣቶች ጭናቸው ላይ የሌለ ክዳን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ። ግንባራቸው በላብ ወረዛ።

"ሐኪሙን . . . ሐኪሙን ይጠይቁ" አሉት። ከዚያ ውኃ ጠየቁ።

ዶክተሯ መጀመሪያ ልጅቷን አስጠባች፤ ሆዷ ባዶ ሳለ እንዳይሰጣት አስጠነቀቀችን። ከዚያ መርፌ በሌለው መርፌ ጥቂት ጠብታ ለክታ አፏ ውስጥ አንቆረቆረችላት። ልጅቷ ፊቷን አኮማተረች። የልብ ምቷን እየሰሙ፣ ግፊቷን እየለኩ ብዙ አስቀመጡን። ልጄ እጄን ጨምቃ ይዛለች፤ በሌላ በኩል የፕሮፌሰርን ይዛለች። እሷ ሳታውቀው ነው የያዘቻቸው፤ እሳቸው ግን አውቀውታል፤ እንዳትለቃቸው ብለው አልተነቃነቁም።

"ልቧ ደኅና ነው" አለች ዶክተሯ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን አዲስ ሕግ ወጣ። መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት በሩ ይንኳኳል። ከውጭ አንዲት ቃል ትመጣለች።

"ጠባች?"

"ጠብታለች፣ ፕሮፌሰር።"

"በደንብ?"

"በደንብ!"

አንድ ቀን ልጅቷ አስመልሷት፣ ልጄ ተኝታ ነበርና እኔ መጠኑን ልሰጣት ጠርሙሱን አነሣሁ። ፕሮፌሰር በሩ ላይ ቆመው፣ ያንን ሁሉ ሰው ክኒን ሲያስውጡ የኖሩ ሴት፣ "አስቀምጪው!" ብለው ጮኹብኝ። "ካስመለሳት አይሰጥም፣ ደውሉ ብላ የለ ዶክተሯ? በግምት ልትሰጪ ነው?" ደወልን። ዶክተሯም ያንኑ አለች። ፕሮፌሰር ትክክል ሆነው ያልጎረሩበት ቀን እሱ ነው።

ቀዩ መጀመሪያ ደበዘዘ። በእኔ ሙያ አውቀዋለሁ፤ ጥሩ አጣቢ እጅ የገባ ቀይ ጨርቅ እንዲያ ነው፣ አንድ ቀን ቀይ፣ ሌላ ቀን ቀይ ነበርኩ የሚል። ከዚያ እብጠቱ ለሰለሰ፤ ከዚያ ቆቡ እንደ መጋረጃ ቀስ እያለ ተነሣ። ዶክተሯ በመብራት ዓይኗን አይታ፣ በሁለቱም እንደምታይ ስትነግረን ልጄ የዶክተሯን እጅ ሳመች። እቤት ስንገባ ልጅቷ በሁለት ሙሉ ዓይኖቿ መጀመሪያ ያጠመደችው የፕሮፌሰርን መነጽር ነው። ነጥቃ ወሰደችው። ፕሮፌሰር ያለ መነጽራቸው ወደ ልጅቷ አጎንብሰው፣ "አየችኝ፤ እኔ ግን አላየኋትም" እያሉ ሲስቁ ትንፋሽ አጠራቸው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ሁላችንም ደስ ብሎን እናድር ነበር። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ፕሮፌሰር "ምንም አላውቅም" ያሉትን ቃላቸውን ጠበቁ።

በቆርቆሮው ያለውን ሁሉ ሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ወስደው፣ በአግባቡ እንዲወገድ አስረከቡ። መድኃኒት ቤት ያለው ሰውዬ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረግፉት "ይሄን ሁሉ ከየት አመጡት?" ቢላቸው "ከሥራዬ" አሉት። ያቺ ጠርዟ የተሸረፈች ነጭ ክኒንም አብራ ሄደች፤ የልብስ ሰፊው ሚስት ስትሰማ ትንሽ ከፋት። በቆርቆሮው ውስጥ ዛሬ ብስኩት ነው ያለው፤ እውነተኛ ብስኩት። እንግዳ ሲመጣ ይቀርባል። የሚነካው የለም። ሁሉም ክዳኑን፣ አጋዘኖቹን፣ ከዚያ ፕሮፌሰርን ያያል፤ "ጠግቤአለሁ" ይላል።

ፎቁም ሞተ። ዘበኛው ይስላል፤ የሚጠይቀው የለም። ልብስ ሰፊው ዓይኑ ሥር እንደገና አበጠና፣ አብጦ ቀረ፤ ለማን እንደሚያለቅስ አያውቅም። ደረጃው ላይ ያለችው አበባም የሚያደንቃት አጥታ አንገቷን ደፋች። ከሥራ ስመለስ "አንቺ ልጅ፣ ፊትሽ ገርጥቷል!" የሚለኝ ድምፅ ስለሌለ፣ መገርጣቴን እንኳ በራሴ ማወቅ ነበረብኝ። ሰው ሲያደክማችሁ ኖሮ ሲተዋችሁ፣ ለካ ድካሙም ቤት ነበረ።

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴ አብጦ ትርንጎ አክሎ ገባሁ። የቤቴን መግቢያ አልፌ፣ በዚያ ጉልበት፣ አንድ ፎቅ ጨምሬ ወጣሁና አንኳኳሁ።

"ፕሮፌሰር፣ ጉልበቴ።"

"ሐኪም ጋ ሂጂ" አሉ፤ ዓይናቸውን ከጉልበቴ ለማንሣት ሲታገሉ ይታየኛል።

"ሄጃለሁ። ክኒኑንም አዞልኛል፣ እየወሰድኩ ነው። ዕረፊ አለኝ። አንሶላው ግን አያርፍም።"

"እንግዲህ ሐኪም ያለውን ነው መስማት።"

"ሰምቻለሁ። እርስዎስ ምን ይላሉ?"

ደረጃውን ወደ ላይ አዩ፤ ወደ ታች አዩ። ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ ሳቡኝና በሩን ዘጉ። ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ እግሬን ሌላ ወንበር ላይ ሰቀሉት። ከማቀዝቀዣው የሾርባ አተር በከረጢት አወጡ፤ በረዶ ሆኖ ይንኮሻኮሻል። በፎጣ ጠቀለሉት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት። አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"የተገዛው ለሾርባ ነበር" አሉኝ በሹክሹክታ።

"እሺ" አልኳቸው።

አተሩን ጉልበቴ ላይ አሳረፉትና፣ ፊታቸው ላይ ያ የድሮው ብርሃን በራ።

"ለዚህም ይሆናል።"

ቀዘቀዘኝ፤ ደስ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ቆርቆሮ እጄን ሰደድኩ፤ አጋዘኖቹን ገልጬ አንድ አነሣሁና፣ ምን እንደሆነ ሳላይ በላሁት።